ጥላሸት ያሸነፈው ኒኬል

እስቲ ጠጋ በሉ። ደልጊ ወደብ ላይ ናችሁ እንበል። ጀልባው ጭነቱን ያራግፋል፣ ሞተሩ ገና አልጠፋም፣ የናፍጣው ጭስ ወደ ጣና ይጎተታል። ያ ሞተር ነዳጁን አቃጥሎ ፒስተን ይገፋል፤ የሚበልጠው ጉልበት ግን ሙቀት ሆኖ በንኖ ይቀራል። ያለ እሳት ነዳጅን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ እንደሚቻል ዌልሳዊው ዊልያም ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1839 አሳይቶ ነበር፤ በሃይድሮጅን ነው ታዲያ። ሃይድሮጅን ደግሞ ማን ይሸጥልናል? እኛ ያለን ናፍጣና ቡታጋዝ ነው፤ ሁለቱም ካርቦን ያዘሉ።

ጣጣው እዚህ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ነዳጅ ሴል ይባላል፤ እዚህ የምናወራለት ዓይነት ሁለት ኤሌክትሮዶች አሉት፤ በመካከላቸው ሴራሚክ። የአየሩ ኦክስጅን ባንዱ በኩል ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሴራሚኩን ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ነዳጁን ሲያገኝ ኤሌክትሮኑን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ ይመለሳል። በነዳጁ በኩል የተለመደው ካታሊስት (የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥነው) ኒኬል ነው፤ ርካሽ፣ ብርቱ። ካርቦን ያለበት ነዳጅ ሲሰጡት ግን ካርቦኑን ገላው ላይ ይጋግራል። የፋኖስ ብርጭቆ እንዴት እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ፤ ኒኬሉማ ከመጥቆርም አልፎ ይፈራርሳል!

በ2000 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጎርቲና ቮስ ኒኬሉን አስወጥተው መዳብና ሴሪየም ኦክሳይድ አስገቡ። መዳቡ ኤሌክትሮን ያመላልሳል እንጂ ካርቦን አይጋግርም፤ ዋናውን ሥራ ሴሪየሙ ይሠራል። ቡቴን ሰጡት፣ ሠራ። ሙቀት ሲበረታበት ግን የመዳቡ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

አሁን ወደ አገር ልጅ። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግዕዙ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ፤ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው በጥይት መቷቸው፣ ከዚያ በኋላ አልተራመዱም። ቤተሰቡ ሚኒሶታ ገባ። አባት ብራና ሲያነብቡ ልጅ ሴራሚክ መረመሩ፤ ለእኔ ሁለቱም ትዕግሥት የሚጠይቅ ንባብ ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. ሶስናና ባልደረባቸው ዞንግፒንግ ሻዎ በኦክስጅኑ በኩል ላለው ኤሌክትሮድ ከባሪየም፣ ከስትሮንቲየም፣ ከኮባልትና ከብረት አዲስ ኦክሳይድ ሠሩ። ቀድሞ 800 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልግ የነበረው ሴል በ600 ዲግሪ ጥሩ ኃይል ሰጠ። በዓመቱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ፕሮፔን የሚበላ ትንሽ ሴል አሳዩ፤ የነዳጁን ኤሌክትሮድ ሩተኒየም ባለበት ሴሪየም ኦክሳይድ ሸፈኑት፤ ሙቀቱንም ከራሱ ነዳጅ ያገኝ ነበር። ሁለት ሴል ተደርድሮ 350 ሚሊዋት ሰጠ። ጀልባ አይነዳም፤ ሙዚቃ ማጫወቻ ግን አዘፍኗል።

ያ በኦክስጅኑ በኩል ያለው ድንቅ ኦክሳይድም ጠላት አለው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገላውን ይበላዋል። ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝም ካታሊስት ይመርዛል፣ ስለዚህ አስቀድሞ መጣራት አለበት። የቀረው ጣጣ ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ሶስናም በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. ገደማ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአሜሪካና የአፍሪካ ወጣት ተመራማሪዎችን አዲስ አበባ ላይ ሰብስበው ስለ ቁስ ሳይንስ አስተምረዋል።