ቀይ ሽብርና የሰፈር ሰው

በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቱን ከየቤቱ ለቅሞ ያወጣው ሁሉ ከውጭ የመጣ ወታደር አልነበረም። ትእዛዙ ከወታደራዊው መንግሥት ከደርግ ይምጣ እንጂ የማን ልጅ የት እንደሚያድር የሚያውቀው ቀበሌው ነው። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. ማብቂያ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋመው አነስተኛ ኪራይ ሊሰበስብና የሰፈሩን ጉዳይ ሊያይ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ፍርድ ሸንጎ፣ የታጠቀ አብዮት ጥበቃ ጓድና እስር ቤት ኖረው። ተራው ሰው ወደ ግድያው የገባው በዚሁ በር ነው። አብዛኛው ከመሬት ተነሥቶ «ግደል» አልተባለም። መጀመሪያ ስብሰባ ተገኝ፣ ቀጥሎ ሮንድ ውጣ፣ በአሰሳ ቀን ቤቱን አሳይ፣ በማጋለጫ ስብሰባ ስም ጥራ ተባለ። የኋለኛውን እምቢ ማለት የፊተኛውም ጥፋት ነበር ብሎ ማመን ስለሚሆን፣ አንዱ ግዴታ ሌላውን እየጎተተ መጣ።

«ፈርተው ነው» የሚለው መልስ ቀላል አይደለም። እምቢ ያለ ፀረ-አብዮተኛ ይባላል፤ በሌላ በኩል ደርግን የሚቃወመው የኢሕአፓ ታጣቂዎች የቀበሌ ሹሞችን ይገድሉ ነበር። ሆኖም ፍርሃት ዝምታን እንጂ ትጋትን አያስረዳም። የሟችን ቤተሰብ የጥይት ዋጋ ማስከፈል፣ እናት እንዳታለቅስ መከልከል ከፈሪ የሚጠበቅ አልነበረም። ፍርሃት ብቻ እንደማይበቃ ከሌላ አገርም ይታያል፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በፖላንድዋ ዩዜፎቭ የጀርመን ተጠባባቂ ፖሊሶች አዛዥ ሻለቃ ትራፕ፣ አይሁዶችን መግደል የማይሆንለት ይቅር ሲል፣ ከ500 ገደማ ሰዎች ወዲያው የወጡት 12 ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ከቅጣት ይልቅ ከጓደኛ ተለይቶ መታየት ከብዷቸው ነበር።

«ጨካኞች ስለነበሩ ነው» ማለትም አያዛልቅም። በአራት ኪሎ አካባቢ በግድያው የታወቀውን የቀበሌ ሊቀመንበር ግርማ ከበደን ደርግ ራሱ በ1969 ዓ.ም. ረሸነው፤ ግድያው ግን ባሰ እንጂ አልቆመም። ይህ ማለት ወንጀሉ የወንበሩ ብቻ ነው፣ የተቀመጠበት ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሾችን ፖሊሲ አውጪ፣ ትእዛዝ አስተላላፊና ፈጻሚ ብሎ በ3 ሲመድብ ፈጻሚውን አልማረም፤ ልክም ነበር፤ አሰሳ መምጣቱን ለጎረቤቱ ሹክ ያለ የቀበሌ ሰውም ነበርና። ግን እምቢታ የሚቀልለው ስም ጥራ ሲባል ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ኪራይ ለሚሰበስበው ጽሕፈት ቤት ፍርድና ጠመንጃ ሲታደለው ነው።