እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ፦ ከኩሬ ያመለጠ ዓሣ ታሪክ

የዓሣ ኩሬ የገበሬው የግል ሀብት ነው፤ ውሃው ግን የግል ሆኖ አይቀርም። ከላይ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ተጠልፎ ይገባል፣ ከታች በማፋሰሻ ቦይ ይወጣል። ክረምቱ በከፋበት ዓመትም ግድቡን ዘሎ ከወንዙ ጋር ይገናኛል። ከሩቅ አገር በመጣ ዓሣ ምክንያት በተለያዩ አገሮች የደረሰው ጥፋት ብዙ ጊዜ የተጀመረው ከዚህችው ቀዳዳ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው በአሜሪካ የሚገኘው የአርካንሶ ክፍለ ግዛት ነው። አርካንሶ የሩዝና የዓሣ እርባታ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሣር በል ካርፕ የተባለው የእስያ ዓሣ ስቱትጋርት ከተማ ወደሚገኝ የመንግሥት የምርምር ጣቢያ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ኩሬ የሚያለብሰውን አረም በመድኃኒት ፋንታ በዓሣ ለማጥፋት ታስቦ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አንድ የግል አርቢ ብርማ ካርፕና ትልቅ ራስ ካርፕ የሚባሉትን አስመጣ። ሁለቱም በውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ዕፅዋትና ነፍሳት አጣርተው ስለሚበሉ የኩሬን ውሃ ያጠራሉ ተብሎ ታመነባቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በከተማ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ሞከሯቸው። ስለዚህ ጥፋቱን በአርቢው ብቻ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

አሥር ዓመት ያህል እንኳ ሳይቆይ ዓሦቹ በወንዝ ውስጥ ተገኙ። በ1994 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ጎርፍ የአንድ እርባታ ኩሬዎችን አጥለቅልቆ ከሠላሳ የማያንሱ ጥቁር ካርፖችንና ብዙ ሺህ ትልቅ ራስ ካርፖችን ወደ ኦሴጅ ወንዝ እንደወሰደ ተመዝግቧል። ሠላሳ ዓሣ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ይሁን እንጂ አንዲት እንስት ካርፕ በአንድ ወቅት የምትጥለው እንቁላል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። ከየኩሬው ያመለጡት እንግዶች በሚሲሲፒና በኢሊኖይ ወንዞች ተባዙ። የአገሬው ዓሣ ጫጩት ሁሉ መጀመሪያ የሚመገበው እነዚያኑ ጥቃቅን ነፍሳት ስለሆነ ገና ከልጅነቱ መሶቡን ተነጠቀ። ብርማው ካርፕ የጀልባ ሞተር ሲሰማ እስከ ሦስት ሜትር እየዘለለ ዓሣ አጥማጆችን አቆሰለ። በ2002 ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች እንዳይሻገር በቺካጎ አቅራቢያ ባለው ቦይ የኤሌክትሪክ አጥር ተዘረጋ። አጥሩ እንዲያግድ ነው እንጂ የገባውን አያስወጣም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ካርፕ አባ ሳሙኤል ግድብ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ በመሆኑ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ቆሮሶ የሚራባበትን የዳር ሣርም ይነቅላል። አምባዛም ለዝዋይ እንግዳ ነው፤ በሌሎች የአገራችን ውሃዎች ነባር ሆኖ ሳለ እዚህ በሰው ምክንያት ገባ። ዛሬ በዝዋይ ካርፕና አምባዛ ከአጥማጁ መረብ የማይታጡ ሲሆኑ፣ ቀድሞ መረቡን ይሞላ የነበረው ቆሮሶ ቀንሷል፤ የዚያ ተፋሰስ ብቻ የሆነው የሐይቁ ነባር ቢልጫም ብርቅ ሆኗል። ከልክ ያለፈ ማጥመድም ድርሻ እንዳለው መካድ አይገባም። ለካርፕ የሚሟገቱ አጥማጆችም አሉ፤ ገበያ አለውና አይፈረድባቸውም።

የአምባዛው ታሪክ እንደሚያሳየው «የአገር ውስጥ ዓሣ ነው» ማለት ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ሊቃውንት የጣናን ቆሮሶና የስምጥ ሸለቆን ቆሮሶ በተለያየ ንዑስ ዝርያ ይመድቧቸዋል። ከአንዱ ተፋሰስ ጫጩት አምጥቶ በሌላው ኩሬ መጨመር፣ ካመለጠ፣ ሁለቱን ዘሮች ይደባልቃል። ስለሆነም ጫጩት የሚረከብ ማኅበር ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ከየትኛው ውሃ እንደመጣ መጠየቅ ይኖርበታል። በማፋሰሻው ላይ የሚደረግ ወንፊት ትልቁን ዓሣ ይይዛል፣ እንቁላልና ጫጩት ግን ያልፉታል። ኩሬው የሚቆፈርበት ቦታ ጎርፍ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ መሆኑ ከወንፊቱ ይበልጣል።

በጣና ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የቢልጫ ዝርያዎች የሚኖሩት በዚህ ሐይቅ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ ዳር የተቆፈረ ኩሬ ሞልቶ የሚፈስሰውም በዚያው ወራት ነው።