ከግቢያችን ስለሚወጣው ውሃ

ሉዊቪል በአሜሪካ አገር በኬንተኪ ግዛት፥ በኦሃዮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። እኔ የምጽፈው ስለ ፍሳሽ ቦይዋ ነው፤ አንባቢ ይህን ሰምቶ ፊቱን ቢያጨፈግግ አልፈርድበትም። ነገር ግን የሰው ጠባይ ከአደባባይ ይልቅ ማንም በማያየው ስፍራ የሚገለጥ ስለ ሆነ፥ ከመሬት በታች ያለውም ሊመረመር ይገባዋል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በማርች ወር የከተማዪቱን ፍሳሽ የሚያጣሩ ሠራተኞች እንግዳ ሽታ ሸተታቸው፤ ዓይናቸውንና ጉሮሯቸውንም ያቃጥላቸው ጀመር። ቢመረመር ለተባይ ማጥፊያ መሥሪያ የሚሆን መርዝ ተገኘ። የሌላውን ትራፊ ኬሚካል አስወግዳለሁ ብሎ የተረከበ ነጋዴ በስውር ወደ ቦይ አፍስሶት ኖሯል። ማጣሪያው ተዘጋ፤ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜም በየቀኑ ወደ 400 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ገባ። ከወንዙ የሚጠጡ ሌሎች ከተሞች ደግሞ ቁልቁል አሉ። ሰውየው በፍርድ ቤት ተቀጣ።

በ1978 መንግሥት፥ ፋብሪካዎች ጎጂውን ነገር በየግቢያቸው እንዲያስቀሩ፥ የሚፈነዳና የሚቀጣጠል ነገርም ከቶ ወደ ሕዝብ ቦይ እንዳይለቁ ደንብ አወጣ። ደንቡ መልካም ነበር።

ዳሩ ግን ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1981 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ የዚያችው ከተማ ጎዳና ፈነዳ። የራልስተን ፑሪና ፋብሪካ ከአኩሪ አተር ዘይት የሚያወጣው ሄክሳን በሚባል ፈሳሽ ነበር። ይህ ፈሳሽ እንደ ቤንዚን ቶሎ የሚተንና የሚነድ ነው፤ እንፋሎቱም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ በመበተን ፈንታ በቦዩ ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል። ከፋብሪካው አምልጦ ቦዩን ሞላው። በባቡር ድልድይ ሥር የምታልፍ አንዲት መኪና ብልጭታዋ አቀጣጠለው፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተገለባበጠ። አራት ሰዎች ቆሰሉ እንጂ የሞተ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ፥ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ይዘገንነኛል።

ብዙ ሰው ከሁለቱ የፊተኛውን በደል ያከብደዋል፤ በስውር የተሠራ ነውና። እኔን ግን የኋለኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በሌሊት መርዝ የሚደፋ ሰው ጥቂት ነው፤ የገዛ ግቢው ቧንቧ ወዴት እንደሚወርድ የማይጠይቅ ባለ ፋብሪካ ግን ብዙ ነው። የሚለቀውን የሚያውቀው ለቃቂው ብቻ ነው፤ የማጣሪያው ሠራተኛ የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ኩባንያው በኋላ ጥፋቱን አምኖ ተቀጣ። ቦዩን መልሶ ለመሥራት ግን ሃያ ወር ያህል ፈጀ።