መንገድ ጠራጊው ሌስ ሊር

በአገራችን «ኳስ» ሲባል ሁሉም የሚያውቀው በእግር የሚመታውን ነው። በካናዳና በአሜሪካ «ፉትቦል» የሚባለው ጨዋታ ግን ኳሱ በእጅ የሚያዝበት፣ ግፊያና ጉልበት የበዛበት ነው። አጥቂው ቡድን ከፊት አምስት ግዙፍ ሰዎችን ያሰልፋል። ሥራቸው ኳሱን ለሚወረውረው ጓደኛቸው ጋሻ መሆን፣ ይዞ ለሚሮጠው ደግሞ መንገድ መጥረግ ነው። ራሳቸው ኳስ ይዘው የሚሮጡበት ጊዜ እምብዛም ስለሌለ ተመልካች ስማቸውን አይጠራም። የካልጋሪን ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለካናዳ ሻምፒዮንነት ያበቃው ሌስ ሊር ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበር።

ሊር በ1918 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ተወልዶ በካናዳዋ ዊኒፔግ አደገ። በመስመሩ ውስጥ ቦታው ጋርድ ነበር። ከዊኒፔግ ብሉ ቦምበርስ ጋር በ1939 እና በ1941 የካናዳን ዋንጫ ግሬይ ካፕን ካገኘ በኋላ፣ በ1944 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለክሊቭላንድ ራምስ ተሰለፈ። በካናዳ ሜዳ ሠልጥኖ በአሜሪካው ብሔራዊ ሊግ ለመጫወት የበቃ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ይነገርለታል። በ1945 ራምስ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በማግሥቱም ዓመት ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ።

በዚያ ሊግ ከ1934 እስከ 1945 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። የተጻፈ ሕግ ባይኖርም በሩ ዝግ ነበር። ሆኖም ራምስ ሊጫወትበት የፈለገው የሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም የሕዝብ ንብረት ነበርና፣ ጥቁር ጋዜጠኞች ጥቁርን የማያሰልፍ ቡድን በሕዝብ ሜዳ ሊጫወት አይገባም ብለው ተሟገቱ። ሙግታቸውም ሰመረ። በ1946 ራምስ ኬኒ ዋሽንግተንንና ውዲ ስትሮድን አስፈረመ። ስትሮድ በመስመሩ ጫፍ የሚሰለፍ «ኤንድ» የሚባለው ተጫዋች ሲሆን፣ ሊርም በዚያው ዓመት የቡድን ጓደኛው ነበር። ይሁን እንጂ ስትሮድ ብዙም ሳያጫውቱት ከቡድኑ ተሰናበተ።

በ1948 ሊር የካልጋሪ ስታምፒደርስ አሠልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ መጣ። የቡድን ጓደኛውን አልረሳውም። ስትሮድ በዚያን ጊዜ 34 ዓመቱ ነበር፤ የአሜሪካው ሊግ የማይፈልገውን ይህን ሰው ሊር ወደ ካልጋሪ አስመጣው።

ስታምፒደርስ በመደበኛው ውድድር 12 ጊዜ ተጫውቶ 12ቱንም አሸነፈ። ኅዳር ላይ ቶሮንቶ ውስጥ ለዋንጫው ከኦታዋ ጋር ተገናኘ። 250 ያህል የካልጋሪ ደጋፊዎች ፈረሶቻቸውን ጭምር በልዩ ባቡር ጭነው ሄዱ፤ በቶሮንቶ ጎዳናም ፓንኬክ እየጋገሩ ሕዝቡን አበሉ። በጨዋታው ኖርም ሂል ሜዳው ዳር ተጋድሞ ኦታዋዎች ሳያስተውሉት ቀሩና የተወረወረለትን ኳስ ተቀብሎ አስቆጠረ። በመጨረሻው ክፍል ኦታዋ 7 ለ 6 እየመራ ሳለ ከተጫዋቾቹ እጅ ያመለጠ ኳስ መሬት ላይ ቀረ። ሌሎች ሲያመነቱ ስትሮድ አፈፍ አድርጎ ወደ ግቡ ገሰገሰ። ወዲያው ፒት ቶዶስ አስቆጠረና ካልጋሪ 12 ለ 7 አሸነፈ።

በ1949 ደግሞ ኤዝሬት አንደርሰን የተባለ ሌላ ጥቁር ተጫዋች መጣ። እርሱም ካልጋሪን አገሩ አድርጎ ኖረ፤ በ2017 በ97 ዓመቱ አረፈ። ስትሮድ ግን ወደ ሲኒማ ሄደ። በ1956 በወጣው «አሥርቱ ትእዛዛት» ፊልም ላይ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሆኖ የተጫወተው እርሱ ነው።

የሜዳው በር ተከፈተ ማለት ግን የከተማው በር ሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። ከድሉ 11 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ቴድ ኪንግ የተባለ የጥቁሮች መብት ተሟጋች በዚሁ በካልጋሪ ቆዳው ጥቁር በመሆኑ ሞቴል አላሳድርም አለው። ቢከስም አልተፈረደለትም። አልበርታ የሰብአዊ መብት ሕግ ያወጣችው በ1966 ነው። ለዚህም የሜዳ ጭብጨባ አልበቃም፤ እንደ ኪንግ ያሉ ሰዎች መሟገት ነበረባቸው።

ሊር እስከ 1952 ካሠለጠነ በኋላ የውድድር ፈረሶች አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ስሙ በካናዳ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ሰፈረ፤ በ1979 አረፈ።

ዛሬ በካልጋሪ ሙያውን ይዞ መጥቶ «የካናዳ ልምድ የለህም» የሚባል ወገን ጥቂት አይደለም። ስትሮድን ያስገባው ችሎታውን በዓይኑ ያየ፣ ቀድሞ የገባ አንድ ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የገባ ወገንም የሚያውቀውን ባለሙያ ስም ለአሠሪው ቢያነሳ፣ ከኋላው ላለው መንገድ ጠረገ ማለት ነው።