የተከለከለ ተክልና የተሰወረ ጓሮ፤ በእብናትና በደብረ ታቦር አገር ስለ ጋያ፣ ስለ ትምባሆና ስለ ዕፀ ፋሪስ

የተከለከለ ተክልን ታሪክ መጻፍ የሌላውን አዝመራ ታሪክ ከመጻፍ ይልቅ ያስቸግራል። ጤፍና ገብስ በግብር መዝገብ፣ በርስት ክርክርና በገበያ ዋጋ ስማቸው ይነሣል፤ ባለቤቱ ሊሰውረው የፈለገው ተክል ግን በመዝገብ አይገባም፣ በሽማግሌ ፊትም አይጠራም። ስለዚህ ታሪክ መርማሪው የሚያገኛቸው ምስክሮች ሦስት ብቻ ናቸው። እነርሱም ከመሬት የሚወጣ ሸክላ፣ ከሰው አፍ የማይጠፋ ስምና ከልካዩ ራሱ ያወጀው ቅጣት ናቸው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ እስከ ደብረ ታቦርና እስከ እብናት በሚደርሰው የበጌምድር አገር ሦስቱም ምስክሮች ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ምስክሮች በየተራ መመርመር፣ እያንዳንዱም የቱን ያህል እንደሚናገርና ከየት ላይ እንደሚያቆም ማሳየት ነው።

፩. ማሳና ጓሮ

እብናት ከደብረ ታቦርና ከፋርጣ በስተ ሰሜን የሚገኝ፣ በበለሳ፣ በሊቦ ከምከምና በላይ ጋይንት የሚዋሰን፣ ተራራና ሸለቆ የበዛበት አገር ነው። እንደ ሌላው የሰሜን አገር ሁሉ በዚህም የገበሬው መሬት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሞፈርና በቀንበር የሚታረሰው ማሳ ነው፤ እርሱን መንገደኛም፣ ጎረቤትም፣ ግብር ገማችም ያየዋል። ሁለተኛው በቤቱ ጀርባ በአጥር የተከበበው ጓሮ ነው፤ ጎመን፣ ጌሾ፣ ቃሪያና የመድኃኒት ቅጠል የሚበቅለው በዚህ ነው፤ ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያየውም ጥቂት ነው።

በጋው አልፎ የፀደይ ወራት በገባ ጊዜ፣ ይኸውም ከመጋቢት ማለቂያ ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ፣ ገበሬው ማሳውን ሲገምስና ሲደግም በጓሮው ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። የምድጃ አመድና የከብት ፍግ ይበተናል፣ አፈሩ በእጅ ይለሰልሳል፣ አጥሩ ይጠገናል። ትምባሆ ለእንዲህ ያለው ስፍራ የተመቸ ተክል ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አንድ ግራም ብቻ 10,000 ያህል ፍሬ ይይዛል፤ ስለዚህ ለዘር የሚበቃው በጨርቅ ጫፍ ሊቋጠር ይችላል። መደቡም መዳፍ ከሚያህል አፈር አይበልጥም፤ ችግኙ ከጠና በኋላ ግን ወደ ሰፊ ስፍራ ይዛወራል። ከማሳ የተከለከለ ነገር በጓሮ ሊተርፍ የሚችልበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል። ጓሮው ለምግብ ብቻ የተሠራ አይደለምና ከአደባባይ ዓይን የሚሰወር ነገር ሁሉ መጠጊያም ነበር።

፪. የዋሻው ሸክላ

ከጣና በስተ ምሥራቅ ከሚገኙት ዋሻዎች መካከል አንዱ የላሊበላ ዋሻ ይባላል፤ በላስታ ካሉት ከታወቁት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሊደባለቅ አይገባውም። ይህንን ዋሻና ናጫቢየት የተባለውን ሌላውን ዋሻ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆፍረው የመረመሩት ጆአን ዶምብሮውስኪ ናቸው፤ የመጀመሪያ ዘገባቸውም በ1970 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከላሊበላ ዋሻ የታችኛው ንብርብር ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የሚደርስ የገብስ፣ የሽምብራና የሌላ ጥራጥሬ ቅሪት ወጣ። የአገሩ እርሻ ጥንታዊነት በዚህ የተመሰከረ ስለ ሆነ ሊቃውንቱ አብዝተው የተነጋገሩት ስለዚህ ነው።

ከዚያ በላይ ካለው ንብርብር ግን የማጨሻ ራስ የሆኑ ሸክላዎች ተገኙ። ይህ ሸክላ ለበጌምድር ሰው እንግዳ አይደለም። ጋያ የሚባለው ማጨሻ ሦስት ክፍል አለው፤ ውሃ የሚይዝ ቅል፣ ጢሱ የሚያልፍበት መቃና በላዩ እሳትና ቅጠል የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ ናቸው። ቅሉና መቃው በጊዜ ብዛት ይበሰብሳሉ፤ ሸክላው ግን ይቀራል። ስለዚህ በዋሻው የተገኘው ሸክላ የጠፋውን ጋያ የሚመሰክር ቅሪት ነው።

ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባሉት ሊቅ ከራሶቹ በሁለቱ ላይ የተጣበቀውን ጥቀርሻ በኬሚካል መርምረው የካናቢስ፣ ማለት በዐረብኛ ሐሺሽ የሚባለውን የሚሰጠውን ተክል፣ ምልክት ማግኘታቸውን በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፋቸው ገለጹ። የንብርብሩ ዘመን በራዲዮካርቦን ሲለካ 1320 እ.ኤ.አ. ሆነ፤ ከዚህም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 80 ዓመት ሊርቅ ይችላል። እንግዲህ ዘመኑ ከ1240 እስከ 1400 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ መካከል ይወድቃል፤ ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዓምደ ጽዮንም በዚሁ መካከል ይገኛሉ።

የዚህ ግኝት ክብደት በትምባሆ ታሪክ ይታወቃል። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ አፍሪካም ከ1492 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ ሊደርስ አይችልም። ጋያው ከዚያ በፊት ከነበረ ሲጨስበት የነበረው ሌላ ተክል ነው፤ ትምባሆም በመጣ ጊዜ አዲስ ልማድ አላመጣም፣ በተዘጋጀ ዕቃ ውስጥ ገባ እንጂ። ጆን ኤድዋርድ ፊሊፕስ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ ማጨሻዎች ሲጽፉ በምሥራቅ አፍሪካ የውሃ ጋያ ከትምባሆ በፊት ከካናቢስ ጋር እንደ ነበረ ተከራክረዋል።

ይሁን እንጂ ማስረጃው ከሚችለው በላይ ሊሸከም አይገባውም። ሁለት ራሶች ሁለት ራሶች ናቸው። የንብርብር ዘመን በውስጡ የተገኘውን ዕቃ ዘመን ሁልጊዜ አያረጋግጥም፤ ሰውና አይጥ በሚመላለሱበት ዋሻ ትንሽ ዕቃ ከላይ ወደ ታች ሊወርድ ይችላልና። የዚያ ዘመን የኬሚካል ምርመራም ከዛሬው ይልቅ ደካማ ነበር። ደግሞም ቅጠሉ በዋሻው አቅራቢያ በቅሎ ይሁን ወይም ነጋዴ ከቀይ ባሕር ወደብ አምጥቶት ይሁን ሸክላው አይናገርም። ጥቀርሻ የማጨስ ምስክር እንጂ የመትከል ምስክር አይደለም።

፫. ከንፈርና አፍንጫ

ሁለተኛው ምስክር ቅጣቱ ነው። በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ዘመነ መንግሥት (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ ማጨስና ሱረት መሳብ በጥብቅ ተከልክሎ ነበር። የዘመኑ የውጭ አገር ጸሐፊዎች እንደ ዘገቡት ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ ሰው አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። ትምባሆ በአገሩ ሕዝብ አስተያየት ከእስልምና ተከታዮችና ከነጋዴዎች ልማድ ጋር ይያያዝ ነበርና፣ ክልከላው በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ከተደረገው የሃይማኖት ጉባኤና ሃይማኖትን አንድ ለማድረግ ከነበረው ሐሳብ ሊለይ አይችልም።

ደብረ ታቦር በዚያን ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫዎች አንዷ ነበረች። ከግብፅ ኬዲቭ የተላከው እንግሊዛዊ ጎርዶን በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተገናኘው በዚያ ነው። ጎርዶን ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው እንደ ነበረ የሕይወቱን ታሪክ የጻፉት ይመሰክራሉ። እንግዲህ ያ ድርድር የተካሄደው ለእንግዳው የዘወትር የሆነው ልማድ ባላገሩን ፊቱን በሚያስቆርጥበት አገር ነበር።

ከቅጣቱ ዐይነት አንድ ነገር ይታወቃል። ቅጣቱ የወደቀው በሰው ገላ፣ ያውም ተክሉ በገባበት ብልት ላይ እንጂ በመሬት ላይ አይደለም። ይህ በአጋጣሚ አልሆነም። መንግሥቱ እያንዳንዱን ጓሮ የሚፈትሽ ባለሥልጣን አልነበረውም፤ ጢስና ሽታ ግን ከአጥር ወጥተው ይታወቃሉ። የማይደርስበትን ጓሮ በሚደርስበት ፊት ቀጣው ማለት ይቻላል።

በዚያው ጊዜ ግን ትምባሆ በፍርድ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ነበረው። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ ሌባ ለመፈለግ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ቀጥሎም ጋያ ያጨሳል፤ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይያዛል። ይህ ልማድ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት በመንግሥት ትእዛዝ እስኪከለከል ድረስ ቆይቷል። አንዱ ቅጠል በአንድ በኩል የእምነት ነውር፣ በሌላ በኩል የፍርድ መሣሪያ ሆኖ መገኘቱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ክልከላው ቅጠሉን በማን እጅ፣ በማንስ ፈቃድ እንደሚጨስ የሚለይ እንጂ ፈጽሞ የሚያጠፋ አልነበረም።

ከዐፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ 53 ዓመት ሲሆን፣ በ1934 ዓ.ም.፣ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቋመ። ከንፈር ያስቆርጥ የነበረው ተክል የመንግሥት ገቢ ሆነ። ቡናም እንዲሁ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ የተነቀፈ መጠጥ ሆኖ ሳለ በኋላ የእንግዳ ክብር ለመሆን በቅቷል።

፬. የስም ስሕተት

ሦስተኛው ምስክር፣ ስም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው። በዛሬ ጋዜጣና በከተማ ንግግር ዕፀ ፋሪስ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለካናቢስ ይነገራል። በባላገርና በመድኃኒት አዋቂዎች ዘንድ ግን ዕፀ ፋሪስ ሌላ ተክል ነው፤ አስተናግር የሚባለው፣ ፍሬው እሾሃማ፣ አበባው እንደ መለከት የሆነው ዳቱራ ነው። በመንገድ ዳርና በጉድፍ መጣያ ሳይዘሩት ይበቅላል፤ ስውር ጓሮም አያስፈልገውም። በውስጡ ያለው አትሮፒንና ስኮፖላሚን በልክ ካልሆነ አእምሮ ያስታል፣ ይገድላልም። አስተናግር የሚለው ስምም ከመናገር የመጣ ነው፤ የበላውን ያስለፈልፋልና።

የኢትዮጵያን የመድኃኒት መጻሕፍት ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ሁለት ጥራዞች በሰፊው አጥንተዋል። እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት የሚያነብ ተማሪ ዕፀ ፋሪስ የሚለውን ባየ ጊዜ ሁሉ ካናቢስ ነው ብሎ ቢተረጉም ሁለት ጥፋት ያደርሳል። አንደኛ፣ ያልነበረ የካናቢስ ታሪክ ይፈጥራል፤ ሁለተኛ፣ የመርዝን ትእዛዝ እንደ ቀላል ነገር ለሚቀጥለው አንባቢ ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

፭. ከገላ ወደ መሬት

በ20ኛው መቶ ዓመት ክልከላው መልኩን ለወጠ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የናርኮቲክ ዕፆች ነጠላ ስምምነት ካናቢስን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ አገባ፤ የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በቁጥር 525 ሥር መጠቀምን ብቻ ሳይሆን ማምረትንና ተክሉን ራሱን ይመለከታል። የቀድሞው ቅጣት ከንፈርን ይፈልግ ነበር፤ የዛሬው ሕግ ሥሩንና አፈሩን ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት መሰወሩም ከአፍ ወደ መሬት ተዛወረ። በሻሸመኔ አካባቢ ካናቢስ በበቆሎና በእንሰት መካከል ተሰውሮ እየበቀለ በፖሊስ የሚነቀለው ስለዚህ ነው። ይህን ነገር ብዙ ሰው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት 5 ጋሻ መሬት ላይ ከሰፈሩት የራስ ተፈሪያን ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ የበጌምድር ሸክላ ግን ተክሉ ከእነርሱ መምጣት ስድስት መቶ ዓመት አስቀድሞ በአገሩ ሳይታወቅ እንዳልቀረ ያመለክታል። ባዕድ አመጣው የሚባል ነገር ሁሉ በእውነት ባዕድ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

እንግዲህ ሦስቱ ምስክሮች አንድ ቃል አይናገሩም። ሸክላው ማጨስን ይመሰክራል፣ መትከልን ግን አይመሰክርም። ቅጣቱ የከልካዩን ፍርሃት ይመሰክራል፣ የተከለከለው የቱን ያህል እንደ ነበረ ግን አይቈጥርም። ስሙ ዝምድናን ይጠቁማል፣ ነገር ግን ሁለት ተክሎችን በአንድ ልብስ ይሸፍናል። የተሰወረው ጓሮ አንድም ጽሑፍ አልተወልንም፤ የሠሩት ሰዎች ያሰቡትም ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በእብናትና በደብረ ታቦር ዋሻዎችና በፈረሱ ሰፈሮች ላይ የሚገኝ የተሰበረ የጋያ ራስ እንደ ተራ ገል ተቈጥሮ የሚጣል አይደለም። ከተገኘበት ስፍራና ጥልቀት ጋር ተመዝግቦ፣ ጥቀርሻው ሳይታጠብ ሊጠበቅ ይገባል፤ አንድ እጅ ውሃ የስድስት መቶ ዓመት ምስክርነት ሊያጥብ ይችላልና።