«ይቆይ» የተባለው ቀዶ ሕክምና

በሕክምና ሙያ ውስጥ አንዳንድ አጠራር ከታሰበለት ዓላማ አልፎ የሕሙማንን ዕድል የሚወስንበት ጊዜ አለ። «በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና» የሚለው ሐረግ ከእነዚህ አንዱ ነው። በመሠረቱ ሐረጉ የሚያመለክተው ቀኑ አስቀድሞ ሊወሰን የሚችል መሆኑን ብቻ ነው። የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ግን «ቢቀርም አይጎዳም» ከሚል ትርጉም ጋር ተምታታ። የዚህ መምታታት ውጤት ጎልቶ ከታየባቸው መስኮች አንዱ ከፍተኛ ውፍረትን ለመቀነስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የቀዶ ሕክምና ዘርፍ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1954 ክሬመንና ሊነር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ምግብ በአብዛኛው የትንሹ አንጀት ክፍል እንዳያልፍ ስለሚያደርግ ዘዴ ጽፈዋል። በ1966 ደግሞ ኤድዋርድ ሜሰን በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጨጓራን ከፍሎ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና ጀመሩ። በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት ጉባኤ መመዘኛ አወጣ። ይኸውም ክብደት በኪሎግራም ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል ውጤቱ ከ40 በላይ የሆነ፣ ወይም ከ35 እስከ 40 ሆኖ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምናው ሊታሰብ ይችላል የሚል ነበር። እንዲህም ሆኖ ውፍረትን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ግል ስንፍና የመቁጠር ልማድ ከሕዝቡም ሆነ ከባለሙያው አእምሮ ፈጽሞ አልጠፋም።

የዓለም የጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሰየመው። ከሁለት ቀን በኋላ የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ሆስፒታሎች በቀጠሮ የተያዙትን ቀዶ ሕክምናዎች መርምረው እንዲቀንሱ፣ እንዲያዘገዩ ወይም እንዲሰርዙ አሳሰበ። በዚያው ወር በእንግሊዝ አገር አጣዳፊ ያልሆነው ሁሉ ቢያንስ ለሦስት ወራት እንዲቋረጥ ታዘዘ። አልጋ፣ የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያና የመከላከያ ልብስ ለወረርሽኙ ሕሙማን ያስፈልግ ስለነበር ውሳኔው ምክንያታዊ ነበር። በወቅቱ የተሠራ አንድ ግምት፣ ችግሩ በከፋባቸው 12 ሳምንታት በዓለም ዙሪያ 28.4 ሚሊዮን ያህል የቀጠሮ ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚዘገዩ አመለከተ።

ጥንቃቄው ተገቢ እንደ ነበረ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። በሜይ 2020 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ24 አገሮች በሚገኙ 235 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,128 ሕሙማን መረመረ። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን በቫይረሱ ከተያዙት ከእነዚህ ሰዎች መካከል 23.8 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ሞቱ።

ነገር ግን መጠበቅም ዋጋ ነበረው። ከፍተኛ ውፍረት ያለበት ሰው በኮቪድ ሲያዝ ሕመሙ እንደሚከፋ በእነዚያው ወራት ግልጽ ሆነ። ሕክምናው የተከለከለው እንግዲህ ወረርሽኙ አብልጦ ለሚያሰጋው ሰው ነበር። የአሜሪካ የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበር በቀጠሮ የሚደረግ ማለት እንዳሻው የሚተው ማለት እንዳልሆነ አስገነዘበ። በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ፍራንቼስኮ ሩቢኖና ባልደረቦቻቸውም በሜይ 2020 ባወጡት ምክር፣ ተራው በሕመሙ ክብደት እንጂ በሰውነት ክብደት ብቻ መሰጠት እንደሌለበት አስረዱ። ለምሳሌ ስኳሩ በመድኃኒት አልገታ ያለው ሕመምተኛ ሊቀድም ይገባል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሥራው በጥድፊያ አልተከፈተም። ኤፕሪል 17 ቀን 2020 አራት የአሜሪካ የሙያና የሆስፒታል ማኅበራት በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ በአካባቢው የአዳዲስ ሕሙማን ቁጥር ቢያንስ ለ14 ቀናት ሳያቋርጥ እንዲቀንስ፣ አልጋ፣ ባለሙያ፣ መከላከያ ልብስና ምርመራም በበቂ እንዲኖር ጠየቁ።

ከዚያ የተገኘው ውጤት ከብዙዎች ስጋት የተሻለ ነበር። በ2020 ከ42 አገሮች በተሰበሰበ መረጃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮ ይህ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 7,084 ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 10፣ ማለትም 0.14 በመቶ ነበሩ። በጥናቱ ውስጥ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የኮቪድ ምልክት የታየባቸው 43 ሰዎች ነበሩ። የሚያስገርመው ግን አስቀድሞ ራስን ማግለልም ሆነ መመርመር የእነዚህን ቁጥር ሲቀንስ አለመታየቱ ነው። ልዩነት ያመጣው ወረርሽኙ በአገሪቱ በበረታበት ሰሞን ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ ወይም አለማድረግ ነበር። በ2021 የወጣ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ በቫይረሱ የተያዘ ሰው ቢቻል ሰባት ሳምንት ሳይሞላው ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግለት መከረ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የወጣው ጥናት ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አሳየ። አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና ክብደታቸው የቀነሰ ሰዎች በኮቪድ መያዛቸው ከሌሎቹ ባያንስም፣ ከተያዙ በኋላ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው በ49 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በተከታተለው መረጃ ላይ ብቻ የተመሠረተ በመሆኑ ምክንያቱን በፍጹም አረጋግጧል ባይባልም፣ «ይቆይ» የተባለው ሕክምና ራሱ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል።

የዓለም የጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 የአስቸኳይ ጊዜውን አዋጅ አነሣ። የቀረው ትምህርት ለማንኛውም የሙያ ዘርፍ ይሆናል። በችግር ቀን አንድን ሥራ ማዘግየት ግድ ሊሆን ይችላል፤ ማንን ማዘግየት እንደሚገባ ግን የሕመምተኛው ሁኔታ እንጂ የመዝገቡ ስያሜ ሊወስነው አይገባም።