መንጠቆና የጣና ነጭ ዓሣ

በወረታ ከተማና በቁሐር ሚካኤል ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዛሬ ስሙ የሚነሣው ከሩዝ ጋር ነው። ይሁን እንጂ ሩዝ ወደዚህ አካባቢ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ሜዳው የዓሣ መተላለፊያ ነበር። ከወረታ በስተሰሜን ርብ፣ በስተደቡብ ደግሞ ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምቱ ጠንቶ ወንዞቹ ሲደፈርሱ፣ በሐይቁ የከረመው ነጭ ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠራማ በሆነው የወንዝ ክፍል ዕንቍላሉን ይጥላል፤ አምባዛም ጎርፍ በተኛበት ሜዳ ላይ ይራባል። በዚህ ምክንያት የፎገራ የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያ ታሪክ የሐይቅ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የወንዝና የእርሻ ማሳም ታሪክ ነው።

በአካባቢው በጥቅሉ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው፣ በአውሮፓና በእስያ «ካርፕ» ተብሎ ከሚታወቀው ዓሣ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። የጣናን ዓሦች መጀመሪያ በሳይንስ ሥርዓት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ላቤዮባርበስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣውም እርሱ ነው። ከ150 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ሆላንዳውያኑ ሊዮ ናገልከርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ አንድ ይመስል የነበረው ነጭ ዓሣ በጣና ውስጥ 15 ዝርያዎች ያሉት መሆኑን አስረዱ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ እነዚህ ዝርያዎች ለብቻቸው ተዘግተው አፋቸውን እንደየምግባቸው ለዋውጠዋል። አንዱ ከንፈሩ ሥጋማ ሆኖ ከድንጋይ ሥር ትላትልን ይለቅማል፤ ሌላው አፉ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ አንዲት ጥርስ እንኳ የሌለው መሆኑ ሲታሰብ ይህ የመጨረሻው ነገር በእውነት የሚያስገርም ነው።

መንጠቆን መምረጥ የሚጀመረውም ከዚሁ ጥርስ አልባ አፍ ነው። ካርፕና ዘመዶቹ ምግባቸውን ነክሰው አይቈርጡም፤ አፋቸውን እንደ ቱቦ አስረዝመው ከውሃው ጋር ይስቡታል፤ ካልጣማቸው ወይም ከጠረጠሩ መልሰው ይተፉታል፤ የተስማማቸውን ከጉሮሯቸው አጠገብ ባሉ ጥርሶች ይፈጩታል። እንግዲህ መንጠቆው ሥራውን የሚሠራው በመሳብና በመትፋት መካከል ባለችው ቅጽበት ነው። ግንዱ ረጅም ወይስ አጭር፣ ጕብጠቱ ክብ ወይስ ማዕዘናዊ፣ በጫፉና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ወይስ ጠባብ ይሁን የሚለው ክርክር ሁሉ ከዚህች ቅጽበት የሚመነጭ ነው።

መሣሪያው እጅግ ጥንታዊ ነው። በጃፓን የኦኪናዋ ደሴት፣ በሳኪታሪ ዋሻ ከቀንድ አውጣ ቅርፊት ተፍቀው የተሠሩ ወደ 23,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው መንጠቆዎች ተገኝተዋል። የጥንት ግብፃውያን መንጠቆን ከመዳብ ሲሠሩ፣ ከጫፉ ወረድ ብላ ወደ ኋላ የምትቀሰረዋ እሾህ ገና አልተጨመረችም ነበር። በእኛም ቋንቋ ቃሉ አዲስ አይደለም። የወንጌሉ ትርጕም ጴጥሮስ ወደ ባሕር የጣለውን መሣሪያ መቃጥን ይለዋል፤ የዘወትሩ ቃል መንጠቆ ደግሞ «ነጠቀ» ከሚለው የወጣ ነው። ስያሜው ነጣቂው ሰው እንደ ሆነ ያስገምታል። በካርፕ ወገን ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ በሚገባ የተሰናዳ መንጠቆ ዓሣውን ራሱን በራሱ እንዲይዝ ያደርጋል።

ይህን የሚያስረዳ ጥሩ ምስክር ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ የወረደው ይህ እስኮትላንዳዊ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከጣናው ነጭ ዓሣ ጋር የአንድ ወገን የሆነውን የግብፁን «ቢኒ» እንዴት እንደሚያጠምዱት ጽፏል። የዓባይ አጥማጅ ጭቃ፣ ዱቄትና ማር አብሮ ለውሶ ትልቅ ድቡልቡል ያበጃል፤ በውስጡ የተምር ቍርጥራጭ ይሰገስጋል፤ ተምር የተሰካባቸውን መንጠቆዎችም ከነገመዳቸው አብሮ ይቀብራል። ድቡልቡሉ ከወንዙ መካከል ይጣላል፤ የገመዱ ጫፍ ከዳር ከተተከለ የዘንባባ ቅርንጫፍ ላይ ይታሰራል፤ በቅርንጫፉም ላይ ደወል ይንጠለጠላል። አጥማጁ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ ደወሉ ሲጮህ ይመለሳል። የአገሩ ሰዎች ብሩስን በብዙ ነገር ሳያምኑት መቅረታቸው ይታወቃል፤ ይህ ገለጻው ግን ከምሕንድስና አንጻር ሲመረመር አንዳች እንከን አይገኝበትም። ከባዱ ጭቃ ማባበያም መልሕቅም ነው፤ ዓሣው ተምሩን ስቦ ሲሸሽ የጭቃው ክብደት መንጠቆውን ከከንፈሩ ላይ ይተክለዋል።

ይኸው አሠራር በእንግሊዝ አገር እንደ አዲስ ግኝት የታየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሌኒ ሚድልተንና ኬቪን ማዶክስ የተባሉ ሁለት የካርፕ አጥማጆች ማባበያውን ከመንጠቆው ላይ አውርደው እንደ ፀጕር በቀጠነ ክር ከጎኑ አንጠለጠሉት። መንጠቆው ባዶውን ስለሚቀር ዓሣው ማባበያውን ሲስብ አብሮ ይገባል፤ ሲተፋው ጫፉ የታችኛውን ከንፈር ይወጋል። ከዚያ ወዲህ ለካርፕ የሚሠሩ መንጠቆዎች ክፍተታቸው የሰፋና ዐይናቸው ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ እየሆኑ መጡ፤ ዐይኑ ሲዘነብል መንጠቆው በአፍ ውስጥ ይዞርና ጫፉ ወደ ታች ይመለሳልና።

በዚህ መካከል የፋብሪካውን ታሪክ በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል። መንጠቆ ለረጅም ዘመን የመርፌ ሠሪዎች ሥራ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በሎንዶን የታወቀው ቻርልስ ከርቢም፣ በኋላ የሬዲች ከተማ ሠራተኞችም መርፌ ሠሪዎች ናቸው። ከርቢ፣ ሊሜሪክ፣ አበርዲን፣ ካርላይል የሚባሉት የጕብጠት ዓይነቶች ከሰውና ከከተማ ስም የተወሰዱት ከዚሁ ዘመን ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1832 የተመሠረተው የሙስታድ ፋብሪካ ባልደረባ ማቲያስ ቶፕ በ1877 ሽቦውን ራሱ ቈርጦ፣ አሹሎና አጕብጦ የሚያወጣ መኪና ፈለሰፈ፤ መንጠቆም በዓለም ገበያ ሁሉ ርካሽ ዕቃ ሆነ። መለኪያው ግን እስከ ዛሬ መሐንዲስን የሚያበሳጭ ነው። ቍጥሩ ከፍ ሲል መንጠቆው ያንሳል፤ ከ1 ካለፈ በኋላ ደግሞ 1/0፣ 2/0 እየተባለ ያድጋል፤ ሁሉንም ፋብሪካዎች የሚያስገድድ ደረጃ ባለመኖሩም የአንዱ 4 ቍጥር ከሌላው 4 ቍጥር ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ወደ ጣና ሲመለሱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ የሐይቁ ዓሣ ማጥመድ ከዳርቻው እምብዛም የራቀ አልነበረም። በዚህ ሙያ ቀደምት የሆኑት ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይወጡ ነበር፤ ታንኳዋ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድም ሩቅ አትወስድም። በተጠቀሰው ዓመት ከሆላንዷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ በመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ድጋፍ ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ምርቱ አደገ፤ የባሕር ዳርም ገበያ ከዓሣ ጋር ተዋወቀ። ይሁን እንጂ መንጠቆ ከዓሣው ጋር የሚገናኘው በአፍና በርሃብ በኩል ሲሆን፣ መረብ ርሃብን አይጠብቅም። በነሐሴና በመስከረም ዓሣው ዕንቍላሉን ተሸክሞ በወንዝ አፍ ሲሰበሰብ፣ በዚያ የተዘረጋ መረብ በአንድ ሌሊት የሚያነሣውን መንጠቆ በብዙ ሳምንትም አያነሣውም። ወንዙን በብርብራ ፍሬ መመረዝም ተጨምሮበታል። ማርቲን ዴ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተሰበሰበውን መረጃ ከ1999 እስከ 2001 ከተገኘው ጋር አስተያይተው በ2004 ባወጡት ጥናት፣ የነጭ ዓሣው ሀብት ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ገልጸዋል። የግልገሎቹ ማነስ ከዚያም የከፋ ነበር፤ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ተተኪ እያጡ መሄዳቸውን የሚያመለክተው ይህ ነው።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህም ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኵረው በመረብ ዐይን ስፋት ላይ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በርብና በጉማራ ዳር በእጅ ክር የሚያጠምደውን ወጣት፣ ማታ ረጅም ገመድ ዘርግቶ ጧት የሚያነሣውንም አጥማጅ አይነካም። ለእነዚህ ጥያቄው የመንጠቆ ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ያለ ጠባቂ ለሚያድር ገመድ ቀጥተኛ ጫፍ ያለው መንጠቆ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ዓሣው ውጦት ከጉሮሮው ይተከላልና ትንሹን እንኳ በሕይወት መመለስ አይቻልም። ጫፉ ወደ ግንዱ የዞረው ክብ መንጠቆ ግን ከጉሮሮ ተንሸራቶ ወጥቶ ከአፍ ማዕዘን ላይ ይይዛል። በሰሜን ፓስፊክ የሃሊበት ዓሣ የሚያጠምዱት ጀልባዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ መንጠቆ የተዛወሩት ስለ ርኅራኄ ሳይሆን ብዙ ዓሣ ስለያዘላቸው ነው። ሥጋማ ከንፈር ላለው ነጭ ዓሣ ቀጭን ሽቦ አይበጅም፤ ከንፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ወፈር ያለ፣ አጭር ግንድና ሰፊ ክፍተት ያለው ይሻላል። ዓሣ በል ለሆኑት ዝርያዎች ደግሞ ክፍተቱ ከማባበያው ዓሣ ውፍረት መብለጥ አለበት፤ ያለዚያ ጫፉ በማባበያው ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። እሾህ የሌለው መንጠቆ ትንሹን ለመመለስ ያመቻል፤ የዕለት ራቱን ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ክሩ በላላ ቍጥር ዓሣው ያመልጣልና ይህን በግድ ማዘዝ አይቻልም። የመንጠቆው መጠን ግን የማንንም ራት ሳይነካ ሊወሰን ይችላል፤ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ጉማራን ሽቅብ ያልወጣ ግልገል አፉ የማይችለውን መንጠቆ ስቦ አያስገባምና።